ስም በመዝገብ፣ ልጅ በቤቱ፦ የተማሪዎችን የክበብ ተሳትፎ ለማሳደግ ለሀዋሳ ትምህርት ቤቶች የተዘጋጀ መመሪያ

የሰኔ ሪፖርት ሁሌም ያምራል። «ሁሉም ተማሪዎች ቢያንስ በአንድ ክበብ ታቅፈዋል» ይላል። ውሸት ነው ለማለትም ይከብዳል። መስከረም ላይ የክፍል ኃላፊው ወረቀት አዙሯል፣ ልጆቹ ስማቸውን ጽፈዋል፣ ቁጥሩ ተደምሮ ወደ ላይ ተልኳል። አርብ ከሰዓት ቀይ መስቀል ክበብ ብቅ ብትሉ ግን የምታገኙት አምስት ስድስት ልጅና ሰዓቱን ደጋግሞ የሚያይ አንድ መምህር ነው። አንዳንዴ መምህሩም የለም።

ይህን መመሪያ የምጽፈው ለሁለት ሰዎች ነው። አንደኛው በክፍለ ከተማ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ተቀምጦ ብዙ ትምህርት ቤቶችን የሚከታተል ባለሙያ ወይም ሱፐርቫይዘር ነው። ሁለተኛው «ተጓዳኝ ትምህርትን አንተ አስተባብር» ተብሎ በስብሰባ መሀል የተመደበ መምህር ነው። ሁለተኛውን የበለጠ አዝንለታለሁ።

ተሳትፎ ሲያንስ የተለመደው መፍትሔ አዲስ ክበብ ማቋቋም ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ልጆቹ የሚቀሩት ክበብ ስላነሰ አይደለም። የሚመቻቸው ሰዓት የለም፤ ከመጡም የሚሠሩት ነገር የለም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እነዚህን ሁለቱን ለማስተካከል ነው።

1. መጀመሪያ የመጣውን ቁጠሩ

መዝገቡን ለጊዜው ወደ ጎን አድርጉት። ለሁለት ተከታታይ ሳምንት በየክበቡ ስብሰባ ላይ የተገኘው ልጅ ይጻፍ። ጸሐፊው መምህሩ ባይሆን ይሻላል፤ ሥራውን ለአንዲት ተማሪ ስጧት። ስም፣ ክፍል፣ ፆታ፣ ፈረቃ፣ የሚኖርበት ሰፈር። ሌላ ምንም አይጨመር።

ከዚያ ማካፈል ነው። 1,200 ተማሪ ያለው ትምህርት ቤት እንውሰድ። በሁለቱ ሳምንት ቢያንስ አንድ ጊዜ የተገኙት 180 ቢሆኑ ተሳትፎው 15 በመቶ ነው። መዝገቡ መቶ በመቶ ቢልም እውነተኛው መነሻችሁ ይህ ነው። በፆታ፣ በፈረቃና በሰፈር ስትከፍሉት ደግሞ ማን እንደጎደለ ወዲያው ይታያል።

ለክፍለ ከተማ ባለሙያዎች አንድ ነገር አደራ እላለሁ። በዚህ ቁጥር ማንንም እንዳትቆጡ። ዝቅተኛ ቁጥር ያመጣ ርዕሰ መምህር ከተገሠጸ በሚቀጥለው ወር ቁጥሩ ይድናል፤ ክበቡ ግን አይድንም።

2. ያልመጡትን ጠይቁ

«ለምን አትሳተፉም?» ብሎ መጠየቅ አይጠቅምም። ልጁ ጥፋተኛ የሆነ ይመስለዋል፤ «እሳተፋለሁ ቲቸር» ብሎ ይገላገላችኋል። ስም የሌለው ብጣሽ ወረቀት አድሉና እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ «የክበብ ሰዓት ሲደርስ የት ትሆናለህ? የት ትሆኛለሽ?»

መልሱ ከተማውን ይነግራችኋል። አንዱ ፍቅር ሐይቅ አካባቢ ቆሎና ማስቲካ ያዞራል። አንዷ እናቷ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፈረቃ ስለምትገባ ታናናሾቿን ትጠብቃለች። ከቱላ በኩል የሚመጣው ልጅ ጓደኞቹ ከሄዱ ብቻውን ረጅም መንገድ ይጠብቀዋል፤ የባጃጅ ሒሳብ የለውም። አንዳንዱ ደግሞ በግልጽ «ይደብራል» ብሎ ይጽፋል። ይህኛውን ወረቀት እንዳትጥሉት፤ ከሁሉም በላይ ጠቃሚው እሱ ነው።

ወረቀቶቹን በሦስት ክምር ለዩአቸው፦ የሰዓት ችግር፣ የመንገድና የገንዘብ ችግር፣ ስልቸታ። የትኛው ክምር እንደበዛ ካያችሁ ቀጣዩን ሥራ ከየት እንደምትጀምሩ ታውቃላችሁ። በግምቴ የመጀመሪያው ነው የሚበዛው።

3. ሰዓቱን ከፈረቃው መሀል አውጡ

እዚህ ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ፤ ሌላው ሁሉ በዚህ ላይ ስለሚቆም።

በብዙ ትምህርት ቤቶች የክበብ ሰዓት የአርብ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ነው። ከዚህ የባሰ ሰዓት መምረጥ ይከብዳል። ደወሉ ሲደወል የግቢው በር ክፍት ነው። የጠዋት ፈረቃ ልጅ ርቦታል። የከሰዓት ፈረቃ ልጅ፣ በተለይ ሴት ከሆነች፣ ሳይመሽ ቤቷ መግባት አለባት። አርብ ቀትር ደግሞ ሙስሊም ተማሪዎች ጁምዓ አለባቸው። ይህ ሁሉ ተደምሮ ክበቡ የቀረው ትርፍ ሰዓት የሚያባክን ቦታ ይመስላል።

የኔ ሐሳብ ይህ ነው። ክበቡን ወደ ሳምንቱ መሀል፣ ረቡዕ ወይም ሐሙስ አምጡት። ከቀኑም መሀል አስገቡት፤ ከእረፍት በኋላ፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ክፍለ ጊዜ መካከል። ማንም ወደ ቤት አይሄድም፤ ከዚያ በኋላ ትምህርት አለና።

ደቂቃው ከየት ይመጣል? በዚያ ቀን ብቻ እያንዳንዱን ክፍለ ጊዜ አሳጥሩ። ባለ 40 ደቂቃው 35 ይሁን። በቀን ስድስት ክፍለ ጊዜ ካላችሁ 30 ደቂቃ ታገኛላችሁ፤ ሰባት ካላችሁ 35። በዚያ ቀን እያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ 5 ደቂቃ ብቻ ያጣል። በሁለቱም ፈረቃ እንደዚያው ይደረጋል። ሠላሳ ደቂቃ ትንሽ ነው የሚል ካለ፣ አሁን አርብ ከሰዓት ስንት ደቂቃ እየተሠራ እንደሆነ ይጠየቅ።

ይህ ሰዓት በክፍለ ጊዜ ድልድሉ ሰሌዳ ላይ እንደ ሒሳብና እንደ እንግሊዝኛ መጻፍ አለበት። በርዕሰ መምህሩ ፊርማና ማኅተም። በቃል የተፈቀደ የክበብ ሰዓት ኅዳር አይደርስም። መጀመሪያ «ለዛሬ ብቻ» ተብሎ የመምህራን ስብሰባ ይገባበታል፤ ቀጥሎ ያልተሸፈነ ምዕራፍ፤ ከዚያ ቱቶሪያል።

ቱቶሪያል ካልኩ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤቶች መደንገጣቸው ይገባኛል። ባዶ ሰዓት የተባለ ሁሉ ለማጠናከሪያ መሰጠቱም ያው ከጭንቀት ነው። ነገር ግን ሳምንቱን ሙሉ ሲያዳምጥ የዋለ ልጅ በሳምንት አንዴ 30 ደቂቃ ጨምሮ ቢያዳምጥ ውጤቱ ይለወጣል ብዬ አላምንም። ቱቶሪያሉ የራሱ ሰዓት ይኑረው፤ ቅዳሜ ጠዋትም ሊሆን ይችላል። የክበቡን ግን አይንካ።

4. የክበቡን ዓይነት ቀንሱ፣ ቡድኑን አብዙ

በምሳሌ የወሰድነው ባለ 1,200 ተማሪ ትምህርት ቤት በሁለት ፈረቃ ቢያስተምር በአንዱ ፈረቃ 600 ልጅ አለው። በ30 በ30 ቢከፈል 20 ቡድን ይሆናል። ሃያ ዓይነት ክበብ ማለት ግን አይደለም። ስድስት ይበቃል፦ ሚኒ ሚዲያ፣ ስፖርት፣ ሳይንስና አካባቢ ጥበቃ፣ ሥነ ጽሑፍና ቴአትር፣ ቀይ መስቀልና ጤና፣ ባህልና ቋንቋ። የትራፊክ ደኅንነቱ፣ የሥነ ምግባሩ፣ የኤች አይ ቪው ጉዳይ የት ይሄዳል ለምትሉ፣ በሚኒ ሚዲያና በቴአትር ውስጥ ይሠራ። ስሙ በሩ ላይ ተለጥፎ ሰው ከማይገባበት ክፍል፣ በሰልፍ ላይ የሚታይ አንድ አጭር ድራማ ይበልጣል።

ክፍል አይበቃም የሚለው ጥያቄ ይመጣል። አይበቃም። አሥር ክፍል ካለ አሥር ቡድን ክፍል ውስጥ ይሁን፤ ሌላው ሜዳና ዛፍ ሥር። ሀዋሳ ደግሞ የዛፍ ጥላ አታጣም።

መምህሩስ? እያንዳንዱ መምህር አንድ ቡድን ቢይዝ ሸክሙ በሁሉም ላይ ይከፋፈላል፤ አንዱ ብቻ አይሰቃይም። ግን በነፃ አትጠይቁት። ሥራው በአፈጻጸም ምዘናው ላይ የሚቆጠር መሆኑን በጽሑፍ ስጡት። ቃል ብቻ የተገባለት መምህር ሁለት ሳምንት ይመጣል፤ ሦስተኛው ላይ እርማት ይዞ መምህራን ማረፊያ ይቀመጣል። አይፈረድበትም።

ምንም መቀላቀል የማይፈልግ ልጅም ይኖራል። ለእሱ የንባብ ክፍል ክፍት ይሁን። ዝም ብሎ መጽሐፍ ይዞ ይቀመጥ። ከተገደደ ሌላውን ይበጠብጣል፤ ከተተወ ብዙ ጊዜ ራሱ ወጥቶ ይጠይቃል።

5. የመጀመሪያው ቀን ሥራ ይኑር

የክበብ የመጀመሪያ ስብሰባ እንዴት እንደሚሆን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሰብሳቢ ይመረጣል። ምክትል ይመረጣል። ጸሐፊ ይመረጣል። ገንዘብ ያዥ ይመረጣል፤ ገንዘብ የለም። መተዳደሪያ ደንብ ይነበባል። ልጁ በሚቀጥለው ሳምንት ለምን ይመጣል?

ምርጫውን ለአንድ ወር አቆዩት። በመጀመሪያው 30 ደቂቃ እያንዳንዱ ልጅ በእጁ አንድ ነገር ይሥራ። ጥቂት ምሳሌ ልስጥ።

ስፖርት። አንድ ኳስ ተጥሎ 22 ወንዶች ሲጫወቱ ሌላው ሁሉ ተመልካች ይሆናል። ያ ስታዲየም ነው እንጂ ክበብ አይደለም። የሀዋሳ ከተማና የሲዳማ ቡና ደጋፊዎች በሚኖሩበት ከተማ የኳስ ፍላጎት አይጠፋም፤ የጠፋው ቦታው ነው። ሜዳውን በሦስት ትንንሽ ቦታ ክፈሉት። በእያንዳንዱ አምስት ለአምስት ይጫወቱ፤ ያ 30 ልጅ ነው። በየ10 ደቂቃው ተራ ቢለዋወጡ በ30 ደቂቃ ውስጥ ሦስት ቡድን፣ ማለትም 90 ልጅ ኳስ ይነካል። አንደኛው ቦታ ለሴቶች ብቻ ይሁን፤ ይህን ካላደረጋችሁ ወንዶቹ በሁለተኛው ሳምንት ሦስቱንም ይወስዱታል።

ሳይንስና አካባቢ። ሐይቁ እዚሁ አለላችሁ። የሀዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። የገባው ደለልና ቆሻሻ እዚያው ይቀራል። ልጆቹ ይህን በቁጥር ማየት ይችላሉ። 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ነጭ ክብ ክዳን ፈልጉ፤ ከሥሩ ክብደት እሰሩበት፤ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ምልክት ባለው ገመድ አንጠልጥሉት። በመጀመሪያው ስብሰባ መሣሪያውን መሥራት ብቻ ይበቃል። ከዚያ መምህር ባለበት፣ ከተሠራ መድረክ ላይ ሆነው ወደ ውሃው ይለቁታል። ከዓይን ሲጠፋ ጥልቀቱን ይጽፋሉ፤ ሲጎትቱት ተመልሶ ሲታይ እንደገና ይጽፋሉ፤ የሁለቱን አማካይ ይወስዳሉ። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ውሃው ደፍርሷል ማለት ነው። መስከረም መጨረሻ አንዴ፣ ጥር ላይ አንዴ። ልዩነቱን በሰልፍ ላይ ራሳቸው ያቅርቡ። ሐይቁ ውስጥ ጉማሬ እንዳለ እንዳትረሱ፤ በጀልባ መግባት፣ ዳር ላይ ሣር ውስጥ መንጎራደድ አይፈቀድ።

ወደ ሐይቁ መሄድ ካልተመቸ ወፍ ቁጠሩ። አባ ኮዳ በሀዋሳ ሰማይ ላይ የሌለበት ቀን የለም። ከግቢ ሆኖ ለ15 ደቂቃ ስንት እንዳለፈ፣ ከየት ወደ የት እንደበረረ መመዝገብ እርሳስና ወረቀት ብቻ ይጠይቃል። አሞራ ገደል የዓሣ ገበያው አካባቢ ለምን እንደሚበዙ ልጆቹ ራሳቸው ይደርሱበታል።

ባህልና ቋንቋ። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጨምበላላ በ2015 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ልጆቹ ይህን ፈተና ላይ ይመልሱታል። የበዓሉ ቀን እንዴት እንደሚታወቅ ግን ስንቶቹ ጠይቀው ያውቃሉ? አያንቶ የሚባሉት የሲዳማ አዋቂዎች ከዋክብትን እያዩ ነው ቀኑን የሚለዩት። ሥራው ቀላል ነው። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ጥያቄ ይዞ ወደ አያቱ ወይም ወደ ጎረቤት ሽማግሌ ይሂድ፤ መልሱን በሰማበት ቋንቋ ጽፎ ይምጣ። በሲዳሙ አፎ የተጻፈው በሲዳሙ አፎ ይነበብ፣ በአማርኛ የተጻፈው በአማርኛ፣ በወላይትኛም ከመጣ እሰየው። በአንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ቋንቋ የሚናገር ልጅ ባለበት ከተማ ይህ ክበብ ሊደብር አይችልም።

ሚኒ ሚዲያ። እዚህ ችግሩ ሌላ ነው። ተሳትፎው ብዙ ይመስላል፤ ድምፁ ግቢውን ስለሚሞላው። ማይኩን የያዙት ግን ሁሌ ያው አራት ልጆች ናቸው። አንድ ደንብ ብቻ አውጡ፦ በሳምንቱ ዝግጅት ላይ ቢያንስ ግማሹ ድምፅ ከዚያ በፊት ማይክ ያልያዘ ይሁን። ዜና የሚያነብ፣ ቃለ መጠይቅ የሚያደርግ፣ ሙዚቃ የሚመርጥ፣ ሞንታርቦውን የሚያገናኝ፣ ገመዱን የሚጠቀልል ሁሉ ሥራ አለው።

6. ልጅን ልጅ ይጥራው

በሰልፍ ላይ «ክበብ ተቀላቀሉ» ብሎ መጮህ አይሠራም፤ ተሞክሮ የሰለቸ ነው። ሁለት ሁለት ተማሪ በየክፍሉ ይግቡና የሠሩትን ያሳዩ። ገመዱንና ክዳኑን፣ የተጻፈውን ታሪክ። አምስት ደቂቃ ይበቃል። ዓይናፋሩን ልጅ ብቻውን አትጥሩት፤ ከጓደኛው ጋር ጥሩት።

ልዩ ፍላጎት ያላቸው ተማሪዎች ካሉ ከመጀመሪያው ቦታቸው ይታሰብ። ማየት የተሳነው ልጅ ሚኒ ሚዲያ ላይ ጎበዝ አቅራቢ ሊሆን ይችላል፤ ግን እሱ ራሱ ይምረጥ እንጂ እናንተ አትመድቡት።

7. የሴት ልጆች ጉዳይ

ሰዓቱ ወደ ቀኑ መሀል ሲመጣ ትልቁ ችግር ይቃለላል። የሚቀረው ሁለት ነው። አንደኛው የወር አበባ ነው፤ ሞዴስ የሚቀመጥበት፣ ውሃ ያለበት፣ ከውስጥ የሚቆለፍ ክፍል ከሌለ በዚያ ሳምንት ክበብ አይደለም ትምህርትም ትቀራለች። ሁለተኛው አመራር ነው። ምርጫ ሲመጣ ሰብሳቢው ወንድ፣ ጸሐፊዋ ሴት የምትሆንበትን ልማድ ታውቁታላችሁ። በየክበቡ ሰብሳቢነቱ በየሴሚስተሩ በወንድና በሴት መካከል ይቀያየር።

8. ወላጅ ፊት ቁጥሩን ይዛችሁ ቅረቡ

የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) ስብሰባ ላይ አንድ አባት መነሣታቸው አይቀርም። «ቲቸር፣ እኔ ልጄን የላክሁት እንዲማር ነው እንጂ እንዲጨፍር አይደለም» ይላሉ። አትከራከሯቸው። «ልክ ነዎት አባቴ። የምንወስደው በሳምንት አንድ ቀን፣ ከየክፍለ ጊዜው 5 ደቂቃ ነው። ልጅዎ ደግሞ በዚህ ሰዓት ይህን ሠርቷል» በሉና ሥራውን አሳዩአቸው። ከተቻለ ልጁ ራሱ ያንብበው። የመጀመሪያው ሴሚስተር ፈተና ሲደርስ ክበቡን ለሁለት ሳምንት እንደምታቆሙም አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ወላጅ የሚፈራው ድንገተኛ ነገር ነው።

9. ገንዘብ

ከተማሪ መዋጮ አትሰብስቡ። አምስት ብር ብትሉ እንኳ የመጀመሪያው የሚቀረው ልጅ ቅድም ቆሎ የሚያዞረው ነው። ለኳስ፣ ለገመድ፣ ለማይክ የሚሆነው ከትምህርት ቤቱ የድጎማ በጀት ላይ ይያዝ፤ ለዚህ ደግሞ በዓመታዊ ዕቅዱ ውስጥ በስም መጻፍ አለበት። ዕቅዱ ከጸደቀ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ «ለሚቀጥለው ዓመት» ይባላል። አዳራሽ ወይም የውጭ ባለሙያ ከፈለጋችሁ ወጣት ማዕከላትንና ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲን በደብዳቤ ጠይቁ። ደብዳቤው ከአንድ ወር በፊት ይግባ።

10. የክፍለ ከተማው ድርሻ

በየወሩ ከየትምህርት ቤቱ አንድ ነገር ብቻ ይጠየቅ፦ በዚህ ወር በክበብ ውስጥ አንድ ነገር በእጁ የሠራ፣ ያነበበ ወይም የተጫወተ ልጅ ስንት ነው? ስንቷ ሴት ናት? አሥር ገጽ ሪፖርት ከጠየቃችሁ አስተባባሪው የክበቡን ሰዓት ሪፖርት ሲጽፍ ይውላል።

ሌላው የውድድር ጉዳይ ነው። በጉድኝት ማዕከል ደረጃ፣ ማለትም በተጎራባች ትምህርት ቤቶች መካከል የሚደረግ ውድድር ደስ ይላል፤ ዋንጫ አለ፣ ጭብጨባ አለ። ግን ትምህርት ቤቶቹ ምርጥ ምርጡን ብቻ ይልካሉ። ሌላው ልጅ ከየካቲት ጀምሮ ተመልካች ይሆናል። ውድድሩ ይኑር፣ ነገር ግን ከሚመጣው ቡድን ግማሹ ከዚያ በፊት ለትምህርት ቤቱ ተወዳድሮ የማያውቅ ይሁን ብላችሁ በማስታወቂያው ላይ ጻፉ። ርዕሳነ መምህራን ያጉረመርማሉ። ያጉረምርሙ።

11. ሰኔ ላይ አስረክቡ

ክበቦች ብዙ ጊዜ ክረምት ላይ ይሞታሉ። ጎበዙ ሰብሳቢ 12ኛን ጨርሶ ይሄዳል፤ መምህሩ ይዛወራል፤ መስከረም ላይ ሁሉም ከዜሮ ይጀመራል። ስለዚህ ሰኔ ሳያልቅ ከየክበቡ ሁለት የ11ኛ ክፍል ልጆች (በመካከለኛ ደረጃ ከሆነ የ7ኛ) ተረካቢ ይሁኑ። የሚረከቡት ነገር በአንድ ገጽ ይጻፍ፦ ምን ተሠራ፣ ምን ቀረ፣ ስንት ኳስ፣ ስንት ማይክ፣ የቁም ሳጥኑ ቁልፍ ማን ጋ ነው። አንዱ ቅጂ በተረካቢዎቹ እጅ፣ አንዱ በርዕሰ መምህሩ ቢሮ፣ አንዱ በክፍለ ከተማው ፋይል ይቀመጥ። የክፍል ኃላፊውም መስከረም ላይ ስም ለመጻፍ ወረቀት ከማዞሩ በፊት ይህን ገጽ ያንብበው።